የዕለት ተዕለት ዕቃዎችን ንድፍ መመርመርና መመዘን፦ በጀሪካን ምሳሌነት የቀረበ መመሪያ

ንድፍ በዚህ ጽሑፍ የአንድን ዕቃ ቅርጽ፣ መጠን፣ የተሠራበትን ቁስና የአጠቃቀሙን መንገድ አስቀድመው የሚወስኑ ምርጫዎች ድምር ማለት ሲሆን፣ የንድፍ ግምገማ ደግሞ እነዚህ ምርጫዎች ዕቃውን ይዞ ለሚሠራው ሰው ምን እንዳቀለሉለትና ምን እንዳከበዱበት በማስረጃ አስደግፎ የማሳየት ሥራ ነው። ስለዚህ ግምገማ ዕቃው ያምራል ወይስ አያምርም ብሎ ከመፍረድ የሰፋ፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብቦ ከመቀበልም የተለየ ነው። አብዛኛው ሰው በቤቱ ያለ ዕቃ ሲያስቸግረው ጥፋቱን ወደ ራሱ ይወስዳል፤ ክዳን አልከፈት ሲለው ጉልበት ያነሰው፣ ውሃ ሲደፋበት ጥንቃቄ የጎደለው ይመስለዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦናና የንድፍ ምሁር ዶናልድ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ዕለት ተዕለት ዕቃዎች ባሳተመው መጽሐፉ አጥብቆ የተከራከረው እንዲህ ያለው ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከተጠቃሚው ሳይሆን ከንድፉ መሆኑን ነው፤ ይህ መመሪያም ከዚሁ አቋም ይነሣል።

እርምጃዎቹን በተጨባጭ ለማሳየት በዋና ምሳሌነት የተመረጠው ባለ 20 ሊትሩ የፕላስቲክ ጀሪካን ነው። ጀሪካን በኢትዮጵያ በከተማም ሆነ በገጠር የማይገኝበት ቤት ጥቂት ከመሆኑ የተነሣ ሰው አስቦ የነደፈው ዕቃ መሆኑ እስከ መረሳት ደርሷል፤ ለጀማሪ ገምጋሚም ከሁሉ የሚሻለው መነሻ እንዲህ ያለው፣ ዓይን ከመልመዱ የተነሣ የማያስተውለው ዕቃ ነው። ለሥራው የሚያስፈልጉት ሜትር፣ ሚዛን፣ ሰዓት፣ የማስታወሻ ደብተርና ከተቻለ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ ብቻ ናቸው።

ዓላማውንና ዐውዱን መወሰን

የመጀመሪያው እርምጃ ዕቃው ለማን፣ ለምን ሥራ፣ በየትኛው ቦታና በምን ሁኔታ እንደሚያገለግል በጽሑፍ ማስፈር ነው። እነዚህ በአንድነት የአጠቃቀም ዐውድ ይባላሉ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይኤስኦ 9241 በተባለው ደረጃው ክፍል 11 ለአጠቃቀም አመቺነትን በሦስት መለኪያዎች ይተረጉመዋል፤ እነርሱም የታሰበው ሥራ መሳካቱ፣ ለዚያ የወጣው ጊዜና ጉልበት እንዲሁም የተጠቃሚው እርካታ ናቸው። ሦስቱም የሚለኩት ታውቆ ለተለየ ተጠቃሚ፣ ለተለየ ግብና በተለየ ዐውድ ውስጥ ስለሆነ፣ ዐውዱ ሳይወሰን ንድፍን ጥሩ ወይም መጥፎ ማለት አይቻልም።

ዐውድን ለመወሰን የዕቃውን ታሪክ ማወቅ ብዙ ይረዳል። የጀሪካን ቅርጽ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1937 በጀርመን፣ ሽቬልም በምትባል ከተማ በነበረው የሙለር ፋብሪካ ዋና መሐንዲስ ቪንሰንዝ ግሩንፎገል ለጦር ሠራዊቱ ከነደፈው የብረት ነዳጅ መያዣ ነው። በዚያ ዕቃ ላይ ያለ ምክንያት የተቀመጠ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። ሦስቱ ትይዩ እጀታዎች አንድ ሰው መካከለኛውን ይዞ ሙሉውን እንዲሸከም፣ ሁለት ሰዎች በዳርና ዳር ያሉትን ይዘው እንዲጋሩት፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ በአንድ እጅ ሁለት እንዲያዝ ያስችሉ ነበር። ክዳኑ ያለ መፍቻ በእጅ ብቻ ይከፈታል፤ ሁለቱ ግማሽ አካላት የተበየዱበት መስመር ወደ ውስጥ የገባ በመሆኑ ዕቃው ሲጋጭ በመጀመሪያ የሚመታው መጋጠሚያው አልነበረም፤ በውስጡ የቀረው የአየር ክፍል ሙሉውን ጀሪካን ውሃ ላይ ያንሳፍፈዋል። አሜሪካኖች ይህን ንድፍ ሲቀዱ መጠኑንና እጀታዎቹን ጠብቀው የተበየደውን መጋጠሚያ በተጠቀለለ መጋጠሚያ ተኩት፤ ክዳኑም መፍቻ፣ መቅዳቱም ማንቆርቆሪያ የሚጠይቅ ሆነ፤ በዚህም ውጫዊ መልኩ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ አገልግሎቱ አነሰ። ገምጋሚው ከዚህ የሚወስደው ትምህርት የዕቃ ዋጋ ያለው ከሩቅ በሚታየው ቅርጽ ላይ ሳይሆን ከቅርብ ካልታየ በማይገኘው ዝርዝር ላይ መሆኑን ነው።

ዛሬ በየቤቱ ያለው ጀሪካን ግን የነዳጅ መያዣም፣ የብረትም አይደለም። ብዙው በመጀመሪያ የምግብ ዘይት ተሞልቶበት ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ዘይቱ ሲያልቅ የውሃ መቅጃ ሆኖ ሁለተኛና ረጅም ዕድሜውን ይጀምራል። ፋብሪካው ያሰበው አንድ ጊዜ በመኪና ተጭኖ የሚጓዝና ጥቂት ጊዜ የሚቀዳበት ዕቃ ነው፤ ቤተሰቡ የሚገለገልበት ግን በየቀኑ ከቦኖ ወይም ከምንጭ በጀርባ የሚመጣና ውሃ የሚጠራቀምበት ዕቃ ነው። ስለዚህ በማስታወሻው ላይ የአምራቹ ዓላማና የተጠቃሚው ዓላማ ለየብቻ መጻፍ አለባቸው፤ ብያኔው መሰጠት ያለበትም በሁለተኛው መሠረት ነው። ተጠቃሚውንም በጥቅሉ «ሰው» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ውሃ በመቅዳት ሥራ ላይ በብዛት የሚሰማሩት ሴቶችና ልጃገረዶች ስለሆኑ ቁመት፣ የእጅ ስፋትና የጡንቻ ጉልበት ሲታሰቡ የእነርሱ መሆን አለባቸው። ለአስቸኳይ ዕርዳታ በወጣው የስፌር መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል፤ አምስት አባላት ላሉት ቤተሰብ ይህ 75 ሊትር፣ ማለትም ወደ አራት ጀሪካን የሚጠጋ ነው። እንግዲህ የሚመዘነው የአንድ ጊዜ ሸክም ሳይሆን በየዕለቱ የሚደጋገም ሸክም ነው።

ሳይፈርዱ መግለጽ

ሁለተኛው እርምጃ ዕቃውን ለክቶና መርምሮ መግለጽ ሲሆን፣ በዚህ ደረጃ አስተያየት አይጨመርም። ቁመት፣ ወርድ፣ ጥልቀት፣ የአፉ ስፋት፣ የእጀታው ርዝመትና ውፍረት፣ ባዶው ክብደት ይመዘገባሉ። «እጀታው ቀጭን ነው» የሚለው ፍርድ ነው፤ የእጀታው ውፍረት ይህን ያህል ሚሊሜትር ነው፣ አዋቂ ሴት ስትይዘው ይህን ያህል ጣቶች ይገባሉ የሚለው ግን መግለጫ ነው። ሁለቱን የሚቀላቅል ገምጋሚ ኋላ ላይ ሐሳቡን ለማስለወጥ የሚችል ማስረጃ በእጁ አይኖረውም።

ከልኬቱ ቀጥሎ ቁሱና የአመራረቱ ዘዴ ይመረመራል። በጀሪካኑ መቀመጫ ላይ በሦስት ማዕዘን ቀስቶች መካከል 2 ቁጥር ከተገኘ ቁሱ ከፍተኛ እፍጋት ያለው ፖሊኢትሊን ነው፤ ይህ ፕላስቲክ ጠንካራና ቀላል፣ ከአብዛኛው የቤት ኬሚካል ጋር የማይዋሐድ ቢሆንም ነዳጅ መሰል ፈሳሾችን ይመጣል፣ ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ላይ ሲቆይም ይደርቅና ይሰነጠቃል። በአካሉ ዙሪያ ከአፍ እስከ መቀመጫ የሚወርደው ቀጭን መስመር የቅርጽ ማውጫው ሁለት ግማሾች የተገናኙበት ነው፤ ይህም ዕቃው የቀለጠ የፕላስቲክ ቱቦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ በአየር ተነፍቶ እንደተሠራ ያሳያል። እንዲህ ባለው አመራረት ፕላስቲኩ ይበልጥ የሚለጠጠው ማዕዘኖቹ ላይ ስለሆነ፣ ግድግዳው በዚያ ሊሳሳ ይችላል፤ ያረጁ ጀሪካኖች የሚያፈሱበትን ቦታ የሚመረምር ሰውም ዓይኑን በመጀመሪያ ወደ ታችኞቹ ማዕዘኖች ቢያደርግ ይበጀዋል።

ሥራውን ከመነሻ እስከ መድረሻ መከተል

ሦስተኛው እርምጃ የሥራ ትንተና ይባላል፤ ትርጉሙም ተጠቃሚው በዕቃው የሚፈጽመውን ሥራ ወደ ተከታታይ ድርጊቶች ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ድርጊት እጅ፣ ዓይንና ጀርባ ምን እንደሚያደርጉ ማየት ነው። ለግምገማው ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የሚገኘው ከዚህ ስለሆነ ጊዜ ሊቆጠብበት አይገባም። ውሃ የመቅዳት ሥራ ክዳን መክፈት፣ ከቧንቧ ሥር ማስተካከል፣ መሙላት፣ መክደን፣ ማንሣት፣ መሸከም፣ ማውረድ፣ ወደ ሌላ ዕቃ መቅዳት፣ ማስቀመጥና ማጠብ ተብሎ ሊከፈል ይችላል። ገምጋሚው እነዚህን በወረቀት አስፍሮ ከቦኖ እስከ ቤት ድረስ ሥራውን ይከተላል፤ እያንዳንዱ የወሰደውን ጊዜ፣ የታየውን ማመንታት፣ የፈሰሰውን ውሃ፣ ሰው ችግሩን ለማለፍ የፈጠረውን መላ ይመዘግባል።

መላ የተባለው ነገር የተለየ ትኩረት ይሻል። በጀሪካኑ እጀታ ላይ ጨርቅ ተጠምጥሞ ከተገኘ እጀታው እጅ እንደሚቆርጥ፣ ክዳኑ በሲባጎ ታስሮ ከተገኘ ክዳን እንደሚጠፋ፣ በጠፋው ክዳን ፋንታ የላስቲክ ቁራጭ ተወትፎ ከተገኘ ደግሞ መተኪያ እንደማይገኝ ተጠቃሚው ራሱ አስቀድሞ መስክሯል። እንዲህ ያለው ምስክርነት በቃለ መጠይቅ ከሚገኘው መልስ ይልቅ የታመነ ነው፤ ምክንያቱም ሰው የለመደውን ችግር ሲጠየቅ ችግር መሆኑን ይዘነጋል።

ማንሣቱ ላይ ያለውን ጭነት በቁጥር ማየት ይገባል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎግራም ገደማ ስለሚመዝን ሙሉው ጀሪካን ከባዶው ዕቃ ክብደት ጋር ከ20 ኪሎግራም ያልፋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለጭነት ማንሣት በሚጠቀምበት ቀመር ሁኔታው ሁሉ የተመቸ ሲሆን እንኳ የሚመከረው ጣሪያ 23 ኪሎግራም ነው፤ ጭነቱ ከሰውነት ሲርቅ፣ ከመሬት ሲነሣ፣ ወገብ ሲጠማዘዝ ወይም ድርጊቱ ሲደጋገም ጣሪያው ዝቅ ይላል። ከመሬት ተነሥቶ ወደ ጀርባ የሚዞር ሙሉ ጀሪካን እነዚህን ሁኔታዎች በአብዛኛው ያሟላል። ስለዚህ 20 ሊትር የሚለው መጠን ከነዳጅ ጭነት የተወረሰ እንጂ ለተሸካሚዋ አካል ታስቦ የተወሰነ አይደለም ማለት ይቻላል፤ ይህም በግምገማው ውስጥ ከቀለም ወይም ከመልክ ጉዳይ እጅግ አስቀድሞ ሊጻፍ የሚገባው ግኝት ነው።

በመቅዳቱ ድርጊት ላይ ደግሞ ቀላል የሚመስል ነገር ግን የንድፍን ጠባይ በሚገባ የሚገልጥ ፈተና አለ። የተለየ የአየር መተላለፊያ የሌለው ሙሉ ጀሪካን አፉ ወደ ታች እንዲሆን ዘንበል ሲደረግ፣ ውሃው በሚወጣበት በዚያው አፍ አየር መግባት ስላለበት ሁለቱ ይጋፋሉ፤ ውሃውም በመንደቅደቅ እየዘለለ ይፈሳል። ያው ጀሪካን ተገልብጦ አፉ በላይኛው ጠርዝ በኩል እንዲሆን ተይዞ ሲቀዳ ግን ከውሃው በላይ አየር የሚገባበት ክፍተት ስለሚኖር ፍሰቱ ይረጋጋል። የ1937ቱ ዕቃ ለዚሁ ጉዳይ የአየር መተላለፊያ ነበረው። የፕላስቲኩ ጀሪካን ትክክለኛውን አያያዝ በምንም ምልክት ስለማያሳይ፣ እጅ በተፈጥሮ የሚመርጠው የተሳሳተውን ነው። ገምጋሚው ሁለቱንም መንገዶች ሞክሮ የፈሰሰውን ውሃ ቢለካ ልዩነቱን በዓይኑ ያያል።

የማጠቡ ድርጊት ብዙ ጊዜ ከግምገማ ይዘነጋል፤ ነገር ግን ጤና የሚጠበቀው ወይም የሚጎዳው በዚህ ነው። ጠባቡ አፍ እጅና ኩባያ እንዳይገባ ስለሚከለክል የተቀዳውን ውሃ ከብክለት ይጠብቃል፤ ይኸው ጠባብ አፍ ግን ለማጠቢያ እጅም አይበቃም። በዚህ የተነሣ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ የሚያዳልጥ ሽፋን ይይዛል፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ጀሪካን ላይም አረንጓዴ ነገር ይበቅላል፤ ቤተሰቡም ጠጠርና አሸዋ ጨምሮ እየናጠ ለማስለቀቅ ይሞክራል። አንድ የንድፍ ምርጫ በአንድ ድርጊት ጥቅም፣ በሌላው ጉዳት ሆኖ ሲገኝ የንድፍ ቅራኔ ይባላል፤ ገምጋሚው ቅራኔን ሲያገኝ አንዱን ጎን ብቻ ጽፎ ማለፍ የለበትም።

ዕቃው ለተጠቃሚው የሚሰጠው ምልክት

አንዳንድ ዕቃዎች እንደ ጀሪካን በጉልበት ብቻ ሳይሆን በመረዳትም ያስቸግራሉ፤ ለእነዚህ አራተኛ እርምጃ ይጨመራል። በኖርማን አገላለጽ ዕቃ የት እንደሚነካ የሚያሳይ ጠቋሚ፣ ተጠቃሚው ያደረገው ነገር መፈጸሙን የሚነግር ምላሽ፣ በመቆጣጠሪያውና በሚቆጣጠረው ነገር መካከል ደግሞ በዓይን የሚታይ ተዛምዶ ሊኖረው ይገባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥሩ መፈተኛ ነው። ቀይ መብራት ያለው ምጣድ ኤሌክትሪክ መግባቱን ይናገራል እንጂ ሸክላው ለእንጀራ መድረሱን አይናገርም፤ ስለዚህ ጋጋሪዋ ምጣዱን አስሳ፣ ጥቂት ሊጥ ጣል አድርጋ ዓይን ማውጣቱን በማየት ሙቀቱን ራሷ ትገምታለች። እዚህ ላይ ዕውቀቱ ያለው በእርሷ እጅ ነው፣ ዕቃው አልረዳትም። የሚወስደውን ኃይል ለመመዘንም በመለያው ላይ የተጻፈውን ኪሎዋት በሰዓት ማባዛት በቂ ቢሆንም፣ ለማሟሟቅ የወጣውን ለመጋገር ከወጣው መለየት ያስፈልጋል፤ ሸክላ ሙቀትን ቀስ ብሎ ስለሚያስተላልፍ ማሟሟቂያው የሚወስደው ድርሻ ቀላል አይደለም፣ በአንድ ጊዜ የሚጋገረው እንጀራ ባነሰ ቁጥርም በእያንዳንዱ እንጀራ ላይ የሚያርፈው ወጪ ይጨምራል።

በሰው መፈተን

አምስተኛው እርምጃ ዕቃውን በልዩ ልዩ ሰዎች እጅ ማየት ነው። ለጀማሪ ግምገማ በቁመት፣ በዕድሜና በልምድ የሚለያዩ አምስት ያህል ሰዎች ትልልቆቹን ችግሮች ለማውጣት በአብዛኛው ይበቃሉ፤ ፈቃዳቸው አስቀድሞ ይጠየቃል፣ የሚፈተነው ዕቃው እንጂ እነርሱ እንዳልሆኑም በግልጽ ይነገራቸዋል። እየሠሩ የሚያስቡትን ድምፅ አውጥተው እንዲናገሩ ይጋበዛሉ፤ ገምጋሚው ግን አያግዝም፣ አያርምም፣ መልስ ወደ አፋቸው አያስገባም። ሲቸገሩ ዝም ብሎ ማየት ለኢትዮጵያዊ አስተናጋጅ ከባድ ቢሆንም፣ ጉዳት የሚያስከትል ነገር ካልታየ በስተቀር ዝምታው መጠበቅ አለበት።

ከተፈታኞቹ መካከል ዕቃው ይበልጥ የሚከብደው ሰው፣ ለምሳሌ አረጋዊት ወይም የእጅ ሕመም ያለበት፣ ሳይኖር መቅረት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረቡት የኦክሶ የወጥ ቤት መሣሪያዎች የተነሡት ሳም ፋርበር የተባለው አሜሪካዊ ነጋዴ የመገጣጠሚያ ሕመም የነበረባት ባለቤቱ አትክልት መላጫ መያዝ ሲያስቸግራት በማየቱ ነበር፤ ለእርሷ ታስቦ የወፈረውና የለሰለሰው እጀታ ጤነኛ እጅ ላላቸውም የሚመች ሆኖ ተገኘ።

ዕድሜ፣ ጥገናና ማነጻጸር

አዲስ ዕቃን ብቻ የመረመረ ገምጋሚ ሥራውን አልጨረሰም። ያገለገሉ ጀሪካኖችን ሰብስቦ የት እንደሚሰነጠቁ፣ እጀታቸው እንዴት እንደሚበጠስ፣ በጋለ ብረት የተለጠፈባቸው ጥገና ምን ያህል እንደሚቆይ ማየት ያስፈልጋል። ቀድሞ የያዙት ነገርም የደኅንነት ጥያቄ ነው፤ ፖሊኢትሊን ነዳጅን ስለሚመጥ ነዳጅ የነበረበት ጀሪካን ታጥቦም ለውሃ አይሆንም፣ ፀረ ተባይ የነበረበትማ ከቶ ወደ ቤት መግባት የለበትም። የጀርመን ሠራዊት የውሃ መያዣዎቹን በነጭ መስቀል ከነዳጁ ይለይ ነበር፤ የዛሬው ጀሪካን ግን ይዘቱን ለይቶ የሚያሳይ የማይጠፋ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የለውም።

ማነጻጸር ሲደረግ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ዕቃዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እንስራ ከሸክላው ቀዳዳዎች በሚተነው ውሃ ይዘቱን ያቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ባዶውም ይከብዳል፣ ከወደቀም ይሰበራል። ጀሪካን ይቀላል፣ አይሰበርም፣ ጠፍጣፋ ጎኑ በአህያና በጋሪ ላይ ለመደርደር ይመቻል፤ ውሃውን ግን አያቀዘቅዝም፣ ማዕዘኑም ጀርባ ላይ ይቆረቁራል። እ.ኤ.አ. በ1991 በደቡብ አፍሪካ ፔቲ ፔትዘርና ዮሃን ዮንከር የነደፉት፣ እየተንከባለለ የሚሄደው ባለ 90 ሊትር የውሃ በርሜል ክብደቱን ከሰው አካል ወደ መሬት ያወርዳል፤ ድንጋያማና አቀበታማ መንገድ ላይ ግን ይኸው ጥቅሙ ይቀንሳል። ይህ ንጽጽር የሚያሳየው የተሻለውን ዕቃ በጥቅሉ ሳይሆን ለየትኛው መንገድና ለየትኛው ቤት የተሻለ እንደሆነ ነው።

ነጥብ መስጠት ከተፈለገ መመዘኛዎቹ፣ ለምሳሌ የመሸከም ምቾት፣ ንጽሕና፣ ጽናት፣ ዋጋና ለጥገና መመቸት፣ ድምራቸው 100 የሚሆን ክብደት ይሰጣቸዋል፤ ሁለት ገምጋሚዎችም ሳይመካከሩ ነጥብ ሰጥተው የተለያዩበትን ብቻ ይወያዩበታል። ደኅንነት ግን ከነጥቡ ጋር መደመር የለበትም፤ እርሱ ማለፊያ በር ነው። መርዝ የያዘ ዕቃ በዋጋው ርካሽነት ሊካካስ አይችልም።

ግኝቱን መጻፍ

የመጨረሻው እርምጃ ንድፍ አውጪው ወይም አምራቹ ሊሠራበት የሚችል ግኝት መጻፍ ነው። እያንዳንዱ ግኝት የታየውን፣ በማን ላይ እንደታየ፣ ምክንያቱን፣ የጉዳቱን ክብደትና የሚቻለውን መፍትሔ ይይዛል። ለምሳሌ፦ ክዳኑ ከአካሉ ጋር ስላልተያያዘ ሲከፈት መሬት ላይ ይቀመጣል፤ አፈር ይዞ ይመለሳል ወይም ይጠፋል፤ ጉዳቱ የውሃውን ንጽሕና ስለሚነካ ከፍተኛ ነው፤ ከአንገቱ ጋር አብሮ በሚቀረጽ ማሰሪያ ማስቀረት ይቻላል። እንዲህ የተጻፈ ግኝት «ክዳኑ ጥሩ አይደለም» ከሚለው የሚለየው አምራቹ የት ጋ ምን እንደሚቀይር ስለሚነግረው ነው።

መፍትሔ በቀረበ ጊዜ ሁሉ የሚያስከትለው አዲስ ቅራኔ አብሮ ይፈተሻል። ለማጠብ እንዲመች አፉን ማስፋት እጅና ኩባያ የሚያስገባ ዕቃ ስለሚያስገኝ፣ ከዚያ ይልቅ አፉን እንደጠበበ ትቶ በታችኛው ጎን ቧንቧ መግጠም ወይም ለውሃ ማምጫና ለውሃ ማስቀመጫ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን መጠቀም ሊታሰብ ይችላል። መጠኑን ወደ 10 ሊትር መቀነስ ጀርባን ያሳርፋል፣ ምልልሱን ግን እጥፍ ያደርጋል፤ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው በቤቱና በውሃው መካከል ያለው ርቀት ነው። የተሻሻለው ናሙና በእነዚያው ሰዎች፣ በዚያው መንገድና በዚያው የውሃ መጠን እንደገና ይፈተናል፤ የማንሣቱ ጊዜ ቀንሶ የሚፈሰው ውሃ ጨምሮ ከተገኘም ሥራው ወደ ሦስተኛው እርምጃ ይመለሳል።